ዘጠነኛው ካርድ

ሰኞ

ስም አታንብቢ አለኝ። ቁጠሪና አውጪ፣ በቃ። ጓድ ፀጋዬ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው፤ ሲናገር ቀና ብዬ አላየውም። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ጽሕፈትሽ ያምራል ብሎ ያሠራኛል።

ለብሔራዊ ውትድርና የተመዘገቡት ልጆች ካርድ በሀ ሁ ተራ ሳጥን ውስጥ ተደርድሯል። ሃያ ሁለት ነው። ሐኪም በሕመም ነፃ ያላቸው የሁለቱ ተራ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ተሰጠኝ፦ 4 እና 9።

አራተኛውን አወጣሁ። እንደገና ከፊት ቆጥሬ ዘጠነኛውን አወጣሁ። ሳላያቸው ፖስታ ውስጥ አሸግኳቸው።

ማክሰኞ

የቀሩትን ሃያ ስሞች በትልቅ ወረቀት ገለበጥኩ። የወንድሜ የነጋሽ ካርድ የለም! ሁለቴ አየሁ። ነጋሽ ምንም አላመመውም፤ ትናንት እንኳ አንድ ጆንያ በቆሎ ተሸክሞ ከገበያ መጣ። መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

የጎረቤታችን የቶለሳ ስም ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ሳሉ በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ጻፍኩት።

ረቡዕ

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ነጋሽ "የለሁበትም" ሲላት እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ በነጠላዋ አፈነችው።

የቶለሳ እናት አደ ዲንቂ ቢሮ መጣች። "ልጄ ደም ነው የሚተፋው! ሐኪሙ ራሱ ጽፎለታል!"

"የታመሙት ከዝርዝሩ ወጥተዋል። የእርስዎ ልጅ አልወጣም። ቅዳሜ ይሄዳል" አላት ጓድ ፀጋዬ።

ስትወጣ ራሴን ዳበሰችኝ። "ኢንተላ ኮ፣ አንቺ እንኳ ታውቂያለሽ።" ልጄ ማለቷ ነው።

ሐሙስ

ማድ ቤት ሃያ ሁለት ባቄላ ደረደርኩ። ዘጠነኛው ላይ በከሰል ምልክት አደረግኩ። አራተኛውን አነሳሁና ከፊት ቆጠርኩ። ዘጠኝ ስል ጣቴ ያረፈው ምልክት በሌለው ላይ ነው። አንዱ ሲወጣ ከኋላው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ይጠጋሉ። መጀመሪያ ዘጠነኛውን፣ ከዚያ አራተኛውን ባወጣ ኖሮ!

ዘጠነኛው ቶለሳ ነበር። አሥረኛው ነጋሽ።

ነጋሽ ገባ። "ጸሐፊዋ፣ ባቄላም ትመዘግቢያለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ነገርኩት። ቁጭ ብሎ ራሱ ቆጠራቸው፤ ሁለቴ። "ለእማዬ እንዳትነግሪ" አለና ወጣ። ለቀበሌው ንገሪ አላለኝም። አትንገሪም አላለኝም።

ዓርብ

ነገርኩ። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ጓድ ፀጋዬ ሦስቴ አስደገመኝ።

"ወንድምሽን ለማስቀረት ብለሽ ነው ያደረግሽው፣ አይደል?"

"ላስቀረው ብል ለምን እነግርዎታለሁ?"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እስካሁን አላመንኩም።

ፖስታውን ከፈተ። የነጋሽን ካርድ ከውስጡ አወጣ። ከዚያ አዲስ ወረቀት ገፋልኝ። "ራስሽ ጻፊው።" ቶለሳ ከዝርዝሩ ወጣ። በቦታው፣ ስምንተኛው መስመር ላይ፣ ነጋሽ ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ

መኪናው ጠዋት በጉቴ መንገድ ሄደ። ነጋሽ ከላይ ሆኖ "አንቺ! ስሜን አሳምረሽ ነው የጻፍሽው!" ብሎ ጮኸ። አብረውት ያሉት ሳቁ። ይቅር ብሎኝ ይሁን ተቆጥቶኝ፣ ፊቱን በደንብ ሳላየው ታጠፉ።

አደ ዲንቂ እጄን ስማ አለቀሰች። እማዬ አጠገባችን ቆማ ነበር። አዲሱ ዝርዝር ከተለጠፈበት ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። አሁን ምሳዬን አቅርባልኛለች፤ ስሜን ግን አልጠራችም። በሳህኑ ላይ የነጋሽንም ድርሻ ጨምራዋለች። ልብላው አልብላው አላውቅም።