ቤት፣ በግ፣ ፀሐይ

ይድረስ ለማልጠግብህ ወንድሜ፣

እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ? ያ ጨጓራህ እንዴት ሆነ? ዳርቱስ እንደምን ናት? የኮምቦልቻ ሙቀት ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ እንዴት ሆነው ይሆን እያልኩ ነበር። እኔና ባለቤቴ ገላው፣ ልጃችን ሀሴትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደህና ነን ማለት የደብዳቤ ወግ ነውና ደህና ነን፤ ደክሞናል እንጂ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክ የጻፍኩልህ እንደሆነ አንዲት ቢጫ ፊት ልከህ ትገላገለኛለህ። ይህን ግን እስከ መጨረሻው እንድታነብልኝ እፈልጋለሁ። የምጽፈው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው፤ ቤቱ ሰው በዝቶበት ጸጥ ያለ ቦታ አጣሁ። እንቅልፍም አላገኘሁምና ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

ያልነገርንህ ነገር አለ። የሆነው በጥር ነው። አባባ እንዳትነግሩት ብሎ ስለከለከለን እስከ ዛሬ ዝም አልን።

ታስታውስ እንደሆነ ሀሴት የአባባን ቪዲዮ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋ ነበር። ራሴን ፎቶ አነሳለሁ ብሎ ስልኩን ገልብጦ ይዞ፣ ጣራውን እያነሳ ሲቆጣ የሚያሳየውን። አንተ ከሥሩ የራስ ቅል፣ ሁለት እንባ የሚያፈሱ ፊቶችና የሬሳ ሣጥን ላክህ። ከዚያ ኔትወርክ ወደሌለበት የሥራ ሳይት ወጣህ። ለአንተ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

እትዬ አስረሳሽ ግሩፑ ውስጥ መኖራቸውን ሁላችንም ረስተነዋል። የአባባ የአክስት ልጅ፣ ከእኛ በታች የሚኖሩት፣ የእድሩ የሴቶች ኃላፊ። እሳቸው ያንን ሲያዩ የታያቸው ሌላ ነው። ልጁ አንድ ነገር ሆኗል፣ ስልኩን የያዘው ሰው በአፉ ማለት ከብዶት በምልክት ላከው ብለው አሰቡ። ደወሉልህ፤ ስልክህ አይሠራም። እኛን አልጠየቁንም፤ ሐዘንተኛን ማን ይጠይቃል። ለእድሩ ዳኛ ነገሩ፣ ዳኛው ለሌላው ነገሩ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። መርዶ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስተላልፈዋል እንጂ አይመረምረውም።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። የከፈተው አባባ ነው። እኛም ተነስተን ከኋላው ቆምን። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። አባባ ማን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ዞር ብሎ እኔን አየ፣ ገላውን አየ፣ ሀሴትን አየ። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። በጋቢው ራሱን ሸፍኖ መሬት ተቀመጠ።

ያለውን ልንገርህ። እኔ ለልጄ ሽማግሌ ልኬ ሚስት ልጠይቅለት ስጠብቅ፣ ይኸው ለእኔ ሽማግሌ መጣብኝ አለ። ደጋግሞ ይህንኑ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያኮረፈህ ለምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያን ጠዋት ነው። ዳርቱን ጠልቶ አልነበረም። አግኝቷት የማያውቃትን ልጅ ምን ብሎ ይጠላታል። አንተ ቀለበት፣ ሙሽራና የሚስቅ ፊት ደርድረህ አግብቻለሁ ስትለን፣ እሱ ግን አባቷ ደጅ ቆሞ ልጅዎን ለልጄ ለማለት ስንት ዓመት ሲዘጋጅ ኖሯል። የሚለብሰውን ኩታ ሳይቀር አጥቤ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፤ የመውቀስ አቅምም የለኝ።

ሀሴት መጀመሪያ ከእኛ ጋር አለቀሰች። ኋላ እትዬ አስረሳሽ ስልካቸውን አውጥተው ለአንዷ ሴትዮ ሲያሳዩ አየችና ከእጃቸው ቀማቻቸው። ይሄ እኮ ሳቅ ነው፣ እየሳቀ ነው እንዲህ ያለው አለች። ማን ይመናት። ልጅቷ ደንግጣ ነው፣ ውሃ ስጧት አሉ። የእድሩ ዳኛ ብቻ ነይ እስቲ ልጄ፣ ተቀምጠሽ አስረጂን አሏት። ያኔ አጎቷ የሚለቀስለት ልጅ፣ በለቅሶ ቤት መካከል ለሽማግሌዎች ታስተምር ጀመር። የራስ ቅሉ በሳቅ ሞትኩ ማለት ነው፣ እንባ የሚያፈሰው ፊት ሳቁ አልቆም ሲል ነው፣ ሣጥኑ ደግሞ በቃ አልቻልኩም፣ ቅበሩኝ ነው እያለች። ለእውነተኛው ሐዘንስ ምን ትልካላችሁ ብለው ሲጠይቋት ትንሽ አሰበችና፣ ርግብ፣ የተገጠመ እጅ፣ ለቅርብ ሰው ግን ምንም አንልክም፣ እንሄዳለን አለች። ዳኛው በሬሳ ሣጥን የሚስቅ ትውልድ መጣ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሆኖም ከመቀመጫው የተነሳ ሰው የለም፤ በአንዲት ልጅ ቃል ለቅሶ አይበተንም።

ደጋግሜ ስደውል፣ ከሳይት ወርደህ ኖሮ እኩለ ቀን ላይ ስልኩን አነሳህ። ድምፅህ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌው ነበር። ምሳ በላችሁ ወይ አልከኝ። ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ የጎረነነው ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኩህ። ከኋላዬ ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ አባባ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ከለከላቸው። እንዳይነገርህ ያለው እዚያው ላይ ነው። በቁሜ ለቅሶ ተቀመጡብኝ ብሎ ልጄን ይከፋዋል አለ። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ሽንት ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባባ ተማሪ ሆነ። በረንዳው ላይ ከሀሴት ጋር ተቀምጠው እሷ ታስረዳዋለች፣ እሱ ይከራከራታል። ፈገግ ያለው ፊት ብቻውን ሲመጣ ተናድጃለሁ ነው ስትለው፣ ታዲያ ፈገግታውን ማን አስገደደው ይላታል። የተዘቀዘቀው ፈገግታ አልተመቸኝም ግን ምን አደርጋለሁ ነው። አውራ ጣት ለወጣት ከላክህለት ዝም በል እንዳልከው ይቆጥረዋል። እንዲህ ከሆነማ ሦስት ዓመት ምንም አለመላኬ ይሻላል እያለ ይስቅ ነበር። አንተ ግሩፑ ላይ የላክኸውን ሁሉ ወደ ኋላ እየሄደ አስተረጎማት። ከአባባ ኩርፊያ ወዲህ አብዛኛው የላክኸው የተዘቀዘቀው ፈገግታ እንደሆነ ያወቀው እሱ ነው። እኛማ ደስ ብሎሃል ብለን ነበር።

አንድ እሁድ ራሱ ሊልክልህ ተነሳ። ከቅዳሴ መልስ መነጽሩን አድርጎ እስከ ምሳ ሲመርጥ ቆየ። ቤት፣ በግ፣ ወንድና ሴት ጎን ለጎን፣ ከዚያ ፀሐይ። ሀሴት እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ የለም፣ አይገባውም አለችው። ልጄ አይደል እንዴ፣ ይገባዋል አለ። ሚስትህን ይዘህ ወደ ቤትህ ና፣ በግ አርድላችኋለሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን ማለቱ ነበር። አንተ የራስ ቅልና ሁለት የሚያለቅሱ ፊቶች መለስክለት። ምን ብለህ እንደተረጎምከው አላውቅም። አባባ መጫወት ጀመረ ብለህ ይሆናል።

ሀሴት ሳቀ ብላ ስትነግረው ቅር እንዳይለው ፈርታ ነበር። እሱ ግን ከሳቀ ታርቋል፣ ይመጣል አለ። በሳምንቱ ከኮተቤ በግ ገዝቶ መጣና ታች የውሃ ታንከሩ አጠገብ አሰረው። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ እዚህ በግ አይታሰርም ብሎ ሲመጣበት፣ ልጄ መንገድ ላይ ነው እያለ ያባብላቸዋል። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳው ላይ ቆሞ ከመገናኛ የሚመጡትን ሚኒባሶች ያያል። ልደውልለት ስለው፣ ደውለን ካስመጣነው ምኑን መጣ ይለኛል። ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መለስኩት።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ልምጣ። ሰሞኑን ደክሞት ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው አለን። ወደ ድሮ ሰፈራችን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውሰዱኝ፣ እዚህ የካ አባዶ የእንጦጦ ነፋስ አይደርሰኝም እያለ ነበር የሰነበተው። ነገ ከሰዓት እንወስደዋለን። ጎረቤቱ ሁሉ ይሄዳል፣ አውቶቡስም ተይዟል። ወንድሜ ሳይደርስ አንድ እርምጃ አንንቀሳቀስም ብያቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው ገላው ነው። ስልክ እንዳይደወልልህ ያልኩት እኔ ነኝ። መኪናው ይዞአችሁ ይመለሳል፤ ዳርቱም ትምጣ፣ ነጠላ ካላት ትያዝ። ጋቢህንም አትርሳ። መንገድ ላይ የሚሰጡህን ውሃ እምቢ አትበል።

አልተቀየመህም። ይህን ብቻ እወቅልኝ። ቀድሞ ታርቆህ ነበር፣ የሚጠብቀው ዳርቱን ለማየት ነው። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ ብርታቱን ይስጥህ፣ አንተን ለእኔ ያቆይልኝ።

ገላው ብቻውን አልመጣም። የእድሩ ዳኛና የክርስትና አባትህ አብረውት በርህ ላይ ቆመዋል። ምንም እንዳትጠይቃቸው። አንብበህ ስትጨርስ ቀና ብለህ እያቸው።

የምትወድህ እታለምህ