የሾላ ውሃ ምንጭ ጠባቂ የአቶ ተክሌ ደምሰው የሕይወት ታሪክ

አቶ ተክሌ ደምሰው ከአባታቸው ከአቶ ደምሰው አያልቄና ከእናታቸው ከወ/ሮ በላይነሽ ተፈራ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በሚገኝ የቀወት ገጠር በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ሸዋ ሮቢት ገብተው እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረዋል። ያቋረጡት የግንቦት ሙቀት የመምህሩን ጠመኔ ስላቀለጠው ነው ሲሉ ኖረዋል፤ መምህሩ በሕይወት ስለሌሉ የሚያስተባብል አልተገኘም።

በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሐይማኖት ጋር ጋብቻ መሥርተው ሐናንና ናትናኤልን አፍርተዋል። ማሽላና ማሾ ሲያርሱ ቆይተው በ1988 ዓ.ም. የሾላ ውሃ ጥብቅ ደን ጠባቂ ሆኑ። የደኑን ምንጭ እንደ ሦስተኛ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት። ነብር እንኳ አስፈቅዷቸው ይጠጣ ነበር ይባላል። የጎረቤታቸውን የአቶ በድሩን ፍየሎች ግን አላስጠጉም። «ጺማም ሁላ፣ ውሃዬን አታድፍርሱ!» ሲሉ ጩኸታቸው ጀውሃ ከተማ ድረስ ተሰምቶ ሹፌሮች ፍሬን ይይዙ ነበር።

ለሰው ግን ቸር ነበሩ። የደኑ ጎብኚ ሲበዛ፣ እንግዳ ፀሐይ እንዳይመታው ብለው ከምንጩ በላይ፣ ሾላው ጥላ ሥር፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። ይተዉ ያላቸው የለም፤ ሁላችንም ተጠቅመንበታል።

ባለፈው መስከረም የመንደሩ ሰው ዓይኑ ቢጫ እየሆነ በወፍ በሽታ ይወድቅ ጀመር። አቶ ተክሌ አህያቸውን ጭነው ከምንጩ እየቀዱ ለታመመ ሁሉ በየቤቱ አደሉ። «ጠጡ፣ ይቺ ጉበት ታጥባለች» ይሉ ነበር። ከምንጩ ናሙና ወስደው የነበሩ የጤና ባለሙያዎች ተመልሰው መጥተው፣ ውሃው ውስጥ ጉበት የሚያሳምም ቫይረስ መገኘቱን፣ የመጣውም ከፍየል ሳይሆን ከሰው ዓይነ ምድር መሆኑን ነገሯቸው።

«ይቺን የመሰለች ጥርት ያለች ውሃ?» ብለው አንድ ቅል ሙሉ ቀድተው እፊታቸው ጨለጡ። አንዷ ባለሙያ ጣቷን ወደ ሾላው ጥላ ቀሰረች። አቶ ተክሌ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ወዲያ ተረት አላወሩም።

በማግሥቱ አቶ በድሩ ቤት ሄደው፣ «በድሩ፣ አውፍ በለኝ፤ ፍየሎችህንም አውፍ አስብልልኝ» አሉ።

አቶ በድሩም፣ «ጋሼ ተክሌ፣ እነሱስ ድሮም አልተቀየሙዎት፤ አንቱ ምሳ ሲበሉ እየገቡ ይጠጡ ነበር» ብለው ዶማቸውን አነሡ።

ሁለቱ ምንጯን በእሾህ አጠሩ፤ አሮጌውን ጉድጓድ ደፍነው ከምንጯ በታች ርቀው አዲስ ጀመሩ። ቁፋሮው ወገብ ሳያልፍ የአቶ ተክሌም ዓይን ቢጫ ሆነ። አልጋ ላይ ሆነው፣ ውሃ ያደሉባቸውን ቤቶች በስም እየጠሩ ይቃዡ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እስካሁንም ማልዳ ብቻዋን ወደ ምንጯ የምትወርደውን አህያቸውን ትተው ሄደዋል።

የተናዘዙት አንድ ነገር ነው፤ ለቀብራቸው የመጣ ሰው ያልፈላ ውሃ እንዳይቀምስ። ዛሬ የቀረበውን የአቶ በድሩ ባለቤት ወ/ሮ ዙልፋ አፍልተው አቀዝቅዘውታል፤ ጭስ ጭስ ቢልም ጠጡት። አዲሱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ግን ገና ነው፤ ከሠልስት በኋላ ዶማ ያለው ዶማውን ይዞ ይውረድ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከማይደፈርሰው ምንጭ ያጠጣልን።