አሥራ አንድ ዓመት ለገዛች «አዲስ ደንበኛ» ስለተነፈገ ዱቤ

ነቀምቴ ለሚገኘው፣ ስሙን በአደባባይ እንዳልጠራ ይሉኝታ ለያዘኝ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት
ለተከበሩ የፋይናንስ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በቅርቡም ያስገቡት የሒሳብ ኮምፒውተር እንዴት ከርመዋል? እኔ ጉቴ ከሚገኘው ባዶ መደርደሪያዬ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ጥር 6 ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ በክብ ማኅተም ተውቦ ደርሶኛል። ሁለት መቶ ቆርቆሮ በዱቤ እንዲሰጠኝ ያቀረብኩትን ማመልከቻ በትዕግሥት መርምረው፣ «አመልካቿ ከድርጅታችን ጋር ከዚህ ቀደም የንግድ ግንኙነት እንደነበራቸው በመዝገባችን ስላልተገኘ ዱቤ ሊፈቀድላቸው አይችልም» ብለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመጋዘናችሁ ስትጭን የኖረችው ሴትዮ ማን እንደነበረች ባላውቅም፣ እንዲህ ጥርት አድርገው ስላስታወቁኝ አመሰግናለሁ።

ጊዜዎን እንዳላባክን ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. ድርጅትዎ ለእኛ ለወረዳ ነጋዴዎች ደረሰኝ ቆርጦ አያውቅም። ኅዳር ላይ ጡረታ የወጡት የሽያጭ ሠራተኛችሁ ኦቦ ጋሮማ ጥንድ ደብተር ነበራቸው፤ አንዱ እሳቸው ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ሆኖ፣ የወሰድኩትንና የከፈልኩትን በሁለቱም ላይ ጽፈው ይፈርሙ ነበር። ደረሰኝ በጠየቅኩ ቁጥር «አዴ ሸዋጌጥ፣ በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ይሉኝ ነበር፤ ትእዛዙ ከላይ መሆኑ ከፊታቸው ስለሚነበብ ግን አልተቀየምኳቸውም። ለመንግሥት የሚገባውን ግብር እናንተው ዘንድ በማስቀረት ላሳያችሁት የቁጠባ ባህል ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

2. ደረሰኝ የሌለው ግዢ በወጪ አይያዝምና፣ የሒሳብ መዝገብ እንድይዝ ከተገደድኩ ወዲህ ባላተረፍኩት ትርፍ ግብር ስከፍል ኖሬያለሁ። ከእናንተ ድርሻም ጥቂት የከፈልኩላችሁ ይመስለኛል፤ ምስጋና ግን አልጠብቅም።

3. እርስዎ እንደተሾሙ የመጋዘኑ ደብተሮች «ሕጋዊ ሰነድ አይደሉም» ተብለው ተጣሉ፤ ዱቤም የደረሰኝ ታሪክ ላለው ብቻ እንዲሰጥ ደነገጉ። የራሴን ደብተር ይዤ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ በሁለት ጣትዎ ጫፍ አንጠልጥለው መለሱልኝ። እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለአፍታ ላስቀምጠው፤ ተናድጃለሁ። ከመክፈያ ቀጠሮዬ አንድ ቀን አሳልፌ የማላውቅ ሴት ነኝ። ራሳችሁ የከለከላችሁኝን ወረቀት አምጪ ማለት ነውር ነው!

እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ቡናው ተሸጦ ገበሬው ቤት የሚሠራው ዝናቡ እስኪመጣ ብቻ ነው፤ የእኔም የዓመት እንጀራ የሚገኘው በዚሁ ወቅት ነው። አቶ ዋቅወያ የሚባል ደንበኛዬ ግድግዳውን ጨርሶ ክዳን ሊገዛ ሦስት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሶ፣ በአራተኛው አኖ ከተማ ሄዶ ገዛ። አልፈርድበትም። የሱቁ ኪራይ ግን እኔው ጋ ቀርቷል፤ በዚህ ወር ካልጫንኩ ሱቄን እዘጋለሁ።

ያም ሆኖ ማኅተም ሊከበር ይገባዋልና ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ኦቦ ጋሮማ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በፈረሙት የመጨረሻ መስመር ላይ፣ በዚህ ወር መጨረሻ የምከፍላችሁ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር ዕዳ አለብኝ። እርስዎ ግን ምንም ሸጣችሁልኝ እንደማታውቁ በማኅተም አረጋግጠዋል። አንዳች ላልሸጠልኝ ድርጅት ገንዘብ ብቆጥር መዝገብዎን ማበላሸት ይሆንብኛል። የሰው ሐቅ ነውና አልበላውም፤ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሸጣችሁልኝ ዕቃ ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ በቆረጣችሁልኝ ማግስት፣ ሳንቲም ሳላጎድል መጥቼ እከፍላለሁ።

ከማኅተም አድራጊው ይልቅ ለማኅተሙ ታላቅ አክብሮት ያላት፣ በመዝገብዎ ገና ያልተወለደችው አገልጋይዎ፣

ሸዋጌጥ መሸሻ
የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ፣ ጉቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መቀበሏን የሚገልጽ ወረቀት ሳልጠይቃት ፈርማ ሰጠችኝ፤ ነገሩ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።