የላክህለት መሣሪያ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለያርኔይ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ቴሳስ በርትታለች? ትንሹ ልጃችሁ ሎቭሮስ ጥርስ አወጣ ወይ? እናንተ አገር ዘንድሮ ሙቀቱ አይጣል ነው ሲሉ ሰምቼ ስለ ሕፃኑ አሰብኩ። እማዬ እህል ትቀምሳለች፣ ትንሽም ትተኛለች። ከዚያ አልፎ ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም።

ከአባባ ቀብር በኋላ የጻፍከው ደርሶናል። «እኔ የገዛሁለት የበረዶ ናዳ መሣሪያ ነው የገደለው» ያልከውን እማዬ ሦስት ጊዜ አስነብባኝ አለቀሰች። እዚህ ቦቬትስ ያለው ሰውም ባትሪው በብርድ ሞተ እያለ ያወራል። እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። አሁን ግን እውነቱን አንተ መጀመሪያ ስማው።

ልማዳችንን አትረሳውም፤ ሁላችንም ደረታችን ላይ የምናስረው መሣሪያ በናዳ ብንቀበር እንድንገኝ ምልክት ይልካል፣ ወደ መፈለግ ሲዞር ደግሞ መላኩን ትቶ የሌላውን ምልክት ይቀበላል። በበረዶ ሸርተቴ ቁልቁል ከመውረዳችን በፊት አባባ መሣሪያውን ከመላክ ወደ መፈለግ ያዞርና አንድ በአንድ በፊቱ ያሳልፈናል። የእያንዳንዳችን ምልክት ሲሰማው «እለፍ፣ በሕይወት አለህ» ይላል። መጨረሻ የሚቀረው ሰው ደግሞ ቆሞ የአባባን ይሰማለታል፤ አባባ መሣሪያውን ወደ መላክ ካልመለሰው ናዳ ቢወስደው ማንም አያገኘውምና። አባባ የሞተ ዕለት መጨረሻ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

ካኒን ተራራ ላይ ያን ጠባብ ገደል በሸርተቴ ልውረደው ብዬ አባባን ሁለት ክረምት ለምኜው ገና እሺ ማለቱ ነበር። ጓደኛው ጋሽ ማርያን ቀድሞ ወርዶ ከታች ይጠብቀናል። ጠርዙ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። አባባ አየኝና «የተዋስሽው ሱሪ ነው እንዴ እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?» ብሎ አሳቀኝ። ቀጥሎም «ነይ፣ የእኔን ስሚልኝ» አለ። እኔ ግን ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው ልውረድ ብዬ ቸኮልኩ። «አርባ ዓመት ሰው ስትፈትሽ ኖረህ አንተን ደግሞ ማን ይፈትሻል!» ብዬው ሄድኩ። ከኋላዬ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

ልንገርህ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። እየጮህኩ ነው የወረድኩት፤ ፍርሃቱ ራሱ ይጣፍጥ ነበር። ታች ደርሼ ቀና ስል አባባም መውረድ ጀምሮ ሦስቴ ተጠማዟል። ከዚያ ከባድ በር የተዘጋ የሚመስል ድምፅ ተሰማና ተራራው አብሮት ወረደ።

እኔና ጋሽ ማርያን መሣሪያችንን ወደ መፈለግ አዙረን ሮጥን። ምንም ምልክት የለም። «አምጪ እስቲ፣ ያንቺው ተበላሽቶ ይሆናል» ብሎ ነጠቀኝ፤ የሁለታችንም ዝም አለ። በዘንግ በረዶውን እየወጋን በሃምሳ ደቂቃ አገኘነው። ብብቱ ገና ይሞቅ ነበር። ብዙ ታገልን፣ ግን አልተነፈሰም።

ሌላ ናዳ ሊመጣ ስለሚችል ጋሽ ማርያን «ያንቺን ወደ መላክ መልሺው» አለኝ። መለስኩት። ያኔ አባባ ደረት ላይ ያለው መሣሪያ ጮኸ። መሣሪያው ላይ ያለው ቀስት ወደ እኔ ያመለክት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ወደ መላክ ሳይመለስ ከበረዶው ሥር ሆኖ እኛን ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ጋሽ ማርያን አየው፣ አየኝ፣ ከዚያ አጠፋው። «ባትሪው ነው። ሰምተሻል? ለማንም ቢሆን ባትሪው ነው» አለኝ።

ባትሪው አይደለም፣ ወንድሜ። የአንተም ጥፋት የለበትም። ስሚልኝ ሲለኝ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። በረዶ በጣለ ቁጥር እግሬ አሁንም ያን ቁልቁለት ይመኛል፤ ከሁሉ በላይ ራሴን የምጠላው በዚህ ነው።

ለእማዬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እነግራታለሁ። ይህን ዛሬውኑ ፖስታ ቤት የማስገባው ወደ ኋላ እንዳልል ብዬ ነው።

ቴሳን እቀፍልኝ፣ የሎቭሮን ጉንጭ ሳምልኝ። እማዬ በየማታው ስማችሁን እየጠራች ትጸልያለች። ጋሽ ማርያንም ሰላም ብሎሃል፤ ምን እንደምጽፍ ግን አያውቅም።

የአባባ መሣሪያ እዚህ አጠገቤ ነው። ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት፤ ይሠራል።

እህትህ ኡርሽካ
ቦቬትስ፣ ማርች 8 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.