ሳይነግሩኝ አይፍቱት

ሰኞ፣ ሞጣ

ዳምጤ ተፈቷል! የሰማሁት ከፍርድ ቤት አይደለም፣ ከፖሊስም አይደለም። ቢቸና ያለችው ጎረቤቴ ደውላ "ትናንት ቤተ ክርስቲያን አየሁት፣ ኩታውን አጣፍቶ ቆሟል" ስትለኝ ነው። በዋስ ከወጣ አራት ቀኑ። እጄን በመጥረቢያ እጀታ የሰበረኝ ሰው፣ ግድግዳችን አንድ የሆነ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ እኔ እህቴ ቤት ተሸሽጌያለሁ። ጥፋቴ ምን ነበር? ከጣራህ የሚወርደው ውሃ የልብስ መስፊያ ቤቴን አበሰበሰው ማለቴ! ጉድ እኮ ነው።

የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ፊደሉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

የእህቴ ባል ጋሼ ምናሉ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው። ሕገ መንግሥቱን አውጥተው አነበቡልኝ። የተያዘ ሰው መብት አለ። የተከሰሰ ሰው መብት አለ፣ ያውም ተዘርዝሮ። "የተመታ ሰውስ?" አልኳቸው። ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ለብቻው የተጻፈለት አላገኘሁም" አሉ። እኔ እንግዲህ ምንም አይደለሁማ!

ማክሰኞ

ሦስት ሽማግሌዎች ከቢቸና ድረስ መጡ። ዳምጤ ከኋላቸው፣ ድንጋይ ተሸክሞ። ሳየው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እግሬ ላይ ወደቀ። እሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ። ከልቤ ነው፣ አልዋሽም።

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ "እንግዲህ ዓርብ ለምስክርነት ፍርድ ቤት አትቀርቢም፣ ልጄ። ከታረቁ በኋላ መካሰስ ነውር ነው" አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ! ምን ነካኝ? ከሄዱ በኋላ ነው የታየኝ። እሱ ሸክሙን አውርዶ ሄደ፤ እኔ ግን አሁንም እፈራዋለሁ።

ረቡዕ

ቃሌን ባጥፍ ኃጢአት መስሎኝ እህል አልወርድ አለኝ። ቢቸና ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሳቁብኝ። "ይቅር ያለ ሰው ዲዳ ይሁን የሚል የት አነበብሽ? ጀማ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነው የተባለው" አሉኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ! ስልኩን እንደዘጋሁ ሽሮዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሐሙስ፣ ቢቸና

ከእህቴ ጋር በአውቶቡስ መጣን። ዐቃቤ ሕጓ ልጅ እግር ናት። "እርቁ ጥሩ ነው፤ ክሱ ግን የመንግሥት ነው፣ እርስዎ ምስክር ነዎት" አለችኝ። ደሜ ፈላ። "ክሱ የመንግሥት ይሁን፤ የተሰበረው እጅ ግን የኔ ነው! ሲፈታ ማን ነገረኝ?" ብዬ ጮህኩ። እህቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ልጅቱ ግን አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አንስታ "ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?" አለች።

— ደጄ ድርሽ እንዳይል።
— ስለ እሱ የሚወሰን ነገር ካለ ቀድሜ እንድሰማ።
— ነገ ዳኛው እኔንም እንዲጠይቁኝ።

አንድም ሳታስቀር ጻፈችው። ፖሊስ የጻፈው እንዴት እንደተመታሁ ነው፤ ምን እንደምፈልግ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። እግዚአብሔር ይስጣት።

ዓርብ

ሽማግሌዎቹ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ትልቁ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። አፈርኩ፤ ግን ገባሁ።

መስክሬ ስጨርስ ዐቃቤ ሕጓ ተነሥታ "ተበዳይዋ ስለ ዋስትናው የሚሉት አለ" አለች። ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው "ይናገሩ" አሉኝ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። "ይቅር ብዬዋለሁ። ግን እፈራዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው" አልኩ። ሌላ አልወጣኝም።

ዳኛው ጽፈው ጽፈው፣ ዳምጤ ፍርድ እስኪሰጥ አምበር ከተማ ወንድሙ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ወደዚህ ከመጣም አስቀድሞ እንዲነገረኝ አዘዙ። ተመስገን! ስወጣ ትልቁ ሽማግሌ ጠበቁኝና ቀስ ብለው "በይ ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ" አሉኝ። ይበቃኛል።

ቅዳሜ

ሱቄን ከፈትኩ። መስፋት አልችልም፤ ብቻ በሩ ይከፈት ብዬ ነው። እህቴ ወለሉን ትጠርጋለች። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ብቅ ብዬ መንገዱን አያለሁ።

ረፋዱ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የፖሊስ ጣቢያው ነው። "ዳምጤ ሰኞ ጠዋት ከኛ ጋር መጥቶ በሬዎቹን ይወስዳል። አስቀድመው ይወቁት ብለን ነው።" አመስግኜ ዘጋሁና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እህቴ መጥረጊያውን ጥላ መጣች።

"ምን ሆንሽ? ምን አሉሽ?"

"ነገሩኝ" አልኳት።