ሁለት አገር የጠራቸው ወይዘሮ ሸዋረገጥ ደምሰው
(ከ1956 እስከ 2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ደምሰው ከአባታቸው ከአቶ ደምሰው ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ወልደየስ በሰሜን ሸዋ፣ ቡልጋ ውስጥ፣ ጥር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ።

መሬቱ ስስ ነበርና ዝናብ ባነሰ ዓመት ጎተራው ለፋሲካ አይደርስም። አባታቸው በሊሙ በኩል ሰው ጫካ መንጥሮ ቡና እንደሚተክል ሰምተው፣ በ1962 ዓ.ም. ባለቤታቸውን፣ ሸዋረገጥንና ገና ጡት ያልጣለውን ወንድማቸውን አብነትን ይዘው ወደ ከፋ ተነሡ። በተነሡበት ቀን ጎረቤታቸውና ወዳጃቸው አቶ ካሳዬ መንገድ ላይ ቆመው፣ “ደምሰው፣ አንድ ነገር ካላሰርክልኝ አገርህን ረስተህ ትቀራለህ” አሏቸው። አባታቸውም፣ “ሸዋረገጥ ለልጅህ ለእሱባለው ትሁን፤ ስትደርስ መጥታችሁ ውሰዷት” ብለው ቃል ሰጡ። ያን ጊዜ ሸዋረገጥ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። አጠገባቸው ቆመው ሲሰሙ ስለ ጥጃ የሚነጋገሩ መስሏቸው እንደነበር፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለልጆቻቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

ቤተሰቡ የሰፈረው ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ፣ መንገዱ አልቆ ጫካው በሚጀምርበት ቦታ ነው። ከእነሱ ወዲያ የሰው ጭስ አልነበረም። ቀን ዝንጀሮ በቆሎውን ይጨርሳል፤ ምሽት ላይ ከርከሮ ይመጣል። አባታቸው እየመነጠሩ፣ እናታቸው ሥር እየነቀሉ፣ ሸዋረገጥ ደግሞ ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮ እየጠበቁ አደጉ። በአጎራባቹ ማማ ላይ የአቶ ለሚ ልጅ ዳባ ነበሩ። አቶ ለሚ ከወለጋ በኩል የመጡ ክርስቲያን ሲሆኑ፣ ለሸዋረገጥ አባት ለቡና ጥላ ከሚሆነው ዛፍ የትኛው ቀርቶ የትኛው እንደሚቆረጥ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ልጆች ከማማ ማማ እየተጣሩ ቋንቋ ተለዋወጡ። ሸዋረገጥ ዓመት ሳይሞላቸው በኦሮምኛ ይሳደቡ እንደነበር ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙሀራ ይመሰክራሉ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሊሙ ገነት ተከታትለው፣ ቀጥሎም ጅማ ከተማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ከዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። በ1974 ዓ.ም. አባታቸው በጠና ሲታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ የቡናው ሥራ በእሳቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። አባታቸው በ1978 ዓ.ም. አረፉና በሊሙ ገነት ማርያም ተቀበሩ። በቡልጋ የሰጡትን ቃል ሳያነሡት አለፉ፤ እጮኛ የተባሉት አቶ እሱባለው ካሳዬም ለውትድርና ተወስደው ሰሜን ጦር ግንባር ነበሩ።

እናታቸው ባል በሌለበት ጫካ ዳር መኖር አልሆነላቸውም። በ1979 ዓ.ም. አብነትን ይዘው ወደ ቡልጋ ሲመለሱ፣ ሸዋረገጥ፣ “ይህን የቡና ለቀማ ላድርስና እከተላችኋለሁ” አሏቸው። ለቀማው አለቀ፤ አልሄዱም። ቀጣዩ ደረሰ፤ ያኔም አልሄዱም። ከእናታቸው በሰው የሚመጣው መልእክት ግን አላቋረጠም፦ “ቤትሽ እዚህ ነው። የሰው አገር ላይ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?”

አቶ ዳባ የልባቸውን የነገሯቸው በዚያ መካከል ነው። ሸዋረገጥ ለፀሐይ ያሰጡትን ጀንፈል፣ ገና ያልተፈለፈለውን ቡና፣ እያገላበጡ ነበር፤ ቀና ሳይሉ መለሱላቸው። “በአባቴ ቃል የታሰረ ሰው ጦር ሜዳ ላይ አለ። እሱ ሳይመለስ ለማንም መልስ የለኝም።”

“ባይመለስስ?” አሉ አቶ ዳባ።

“ባይመለስ አለቅስለታለሁ። ያኔ ጠይቀኝ።”

አቶ ዳባ ደግመው አልጠየቁም። ቀሪውን ጀንፈል አብረው አገላብጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በአካባቢው ለሳምንታት ማን አዛዥ ማን ታዛዥ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሁሉ ይባረራል የሚል ወሬ ይናፈስ ጀመር። ሸዋረገጥ በር ከመዝጋት ይልቅ የቡና ችግኝ ማዛወር ቀጠሉ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በማሳው ውስጥ የሚያነክስ ሰው ወደ እሳቸው ሲመጣ አዩ። አቶ እሱባለው ነበሩ፤ እግራቸው በጥይት ተመቶ ከጦር ሠራዊት ከተሰናበቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

“እናትሽ ጎኗን ይዟት ተኝታለች፤ ስምሽን ነው የምትጠራው” አሏቸው። “ሊሙ ገነት ኤንትሬ የጭነት መኪና ቆሞ ይጠብቀናል። ዛሬ ካልወጣን ነገ መንገዱ ይኑር አይኑር አላውቅም።”

ገና ቤት ገብተው ውኃ እንዳቀረቡላቸው አቶ ዳባ ሮጠው ደረሱ፤ የታጠቁ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መሆናቸውን ሊነግሯቸው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ማንም ባያስተዋውቃቸውም ማን ማን እንደሆነ ሁለቱም አወቁ። ተጨባበጡ።

ወዲያው ከደጅ፣ “የማን ቤት ነው? ባለቤቱ ይውጣ” የሚል ድምፅ ተሰማ። የታጠቁት ሰዎች ከየት እንደመጡ በአካባቢው የሚያውቃቸው አልነበረም። አቶ ዳባ ቀድመው ወጡና፣ “የእኔ ነው። ውስጥ ያለችው ሚስቴ ናት” አሉ።

ሸዋረገጥ ተከትለው ወጡ። በዚያች ሰዓት ዝም ቢሉ ቤቱም እሳቸውም ይተርፉ ነበር። እሳቸው ግን በኦሮምኛ፣ “ሚስቱ አይደለሁም፤ ሊያድነኝ ብሎ ነው። ቤቱ የአባቴ ነው፤ አሁን የእኔ ነው። ይህን ቡና በእጄ ተክያለሁ፤ ውጪ የሚለኝ ካለ ስሙን ነግሮኝ ይበል” አሉ።

የሰዎቹ አለቃ ዓይን በሩ ላይ በቆሙት በአቶ እሱባለው እግር ላይ አረፈ። “ይሄስ? ወታደር ነበርክ?”

በዚያን ሰሞን ይህ ጥያቄ የሚያስከትለውን ሁሉም ያውቅ ነበር። አቶ እሱባለው መዋሸት አልሆነላቸውም፤ እውነቱንም መናገር አልቻሉም። ሸዋረገጥ በኋላ እንደተናገሩት፣ ያኔ ያዩት የአቶ ዳባን ፊት ነበር። አቶ ዳባ አንድ ቃል ሳይናገሩ ዝም ቢሉ ተፎካካሪያቸው ከመንገዳቸው ይወገድ ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም።

“የእኔ እንግዳ ነው” አሉ አቶ ዳባ። “ችግኝ ሊያግዘን የመጣ ነው። እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው።”

ይህ ሲባል ወይዘሮ ዙሀራ በጓሮ በኩል መጥተው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። “ኢንተላ ኮ” አሉ ወደ ሸዋረገጥ ዞረው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “አንቺ ችግኝሽን ትከዪ። ወላሂ፣ እኔን ሳይረግጥ እዚህ ቤት የሚገባ የለም።” ሰዎቹ ከበረቱ አንድ ፍየል ፈትተው እየነዱ ሄዱ።

በዚያው ቀን ሸዋረገጥ ከአቶ እሱባለው ጋር ወደ ቡልጋ ለመሄድ ወሰኑ፤ የእናት ጥሪ ነበርና። ሳጥናቸውን እስከ መኪናው የተሸከሙላቸው አቶ ዳባ ናቸው።

“ቤቱን አደራ” አሏቸው ሸዋረገጥ።

“አደራው ለቤቱ ብቻ ነው?” ብለው ጠየቁ አቶ ዳባ። ሸዋረገጥ ቁልፉን ሰጥተዋቸው መኪናው ላይ ወጡ።

ሸዋረገጥ በቡልጋ እናታቸውን ከአንድ ዓመት በላይ አስታመሙ። ተወልደው የተለዩት አገር በሁሉም ነገር ተቀበላቸው፤ ዘመዱ፣ ማኅበሩ፣ የእናታቸው ቋንቋ። እሳቸው ግን ጎኅ ሳይቀድ እየነቁ ሊሙ ዘንቦ ይሆን እያሉ ያስቡ ነበር። አቶ እሱባለው በእሑድ በእሑድ እየመጡ የቤቱን ክዳን ጠገኑ፤ ግንቡን ካቡ፤ አንድም ቀን ቸኩለው ስለ ሠርግ አልጠየቁም። ቸር ሰው መሆናቸው ነገሩን በሸዋረገጥ ላይ ይበልጥ አከበደባቸው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መሄዱ በቀለላቸው ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች የሠርጉን ጊዜ በቆረጡበት ሰሞን ሸዋረገጥ እህል አልወርድ ብሏቸው ከሱ።

እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ይህን ከአልጋ ሆነው ያዩ ነበር። በመስከረም ወር 1985 ዓ.ም.፣ ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብለው፣ “ቃሉን የሰጠው አባትሽ ነው፤ ከእሱ ጋር ተቀብሯል። እኔ ስለ ራሴ ስል ነው የያዝኩሽ። ከዚህ በኋላ የሚይዝሽ የለም” አሏቸው።

የእናታቸው አርባ እንደወጣ ሸዋረገጥ ሽማግሌ ሳይልኩ፣ ዘመድም ሳያማክሩ አቶ እሱባለውን ብቻቸውን አግኝተው ወደ ሊሙ እንደሚመለሱ ነገሯቸው። እርግማንም ቢሆን ሊቀበሉ ተዘጋጅተው ነበር።

“የአባትሽ ቃል ነበረ፤ የአባቴም ቃል ነበረ” አሉ አቶ እሱባለው። “የአንቺን ቃል ግን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁሽም።”

በማግሥቱ እስከ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተዋቸው፣ የጅማው አውቶቡስ እስኪወጣ ቆሙ።

ሊሙ ሲደርሱ የለቀማ ጊዜ ነበር። ቤታቸው እንደነበረ ነው፤ ችግኙ ጸድቋል፤ የበሰለው ቡና ተለቅሞ ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል። አቶ ዳባ ግን አጥሩን አልፈው አልመጡም። በሌላ ሰው መኪና የሄደች ሴት አግብታለች የሚለውን ወሬ ሰምተው፣ አምነውም ሳያምኑም፣ ቡናውን ሲጠብቁ ከርመዋል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። የአቶ ዳባ እናት ሌላ ልጃገረድ እንዳዩላቸውም ይወራ ነበር። እንዲህ ሆኖ ኅዳር አለቀ።

በእኛ ልማድ ሽማግሌ የሚልከው ወንድ ነው። ሸዋረገጥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ በቀጥታ ወደ አቶ ለሚ ቤት ሄዱ። ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ ነበር።

“ኮቱ፣ ነይ ቁጭ በይ” አሏቸው አቶ ለሚ።

“ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም” አሉ ሸዋረገጥ። “አባቴ ሞቷል፤ ወንድሜ ሩቅ ነው። ሽማግሌ የሚልክልኝ ስለሌለኝ ራሴ መጣሁ። ልጅዎ አንድ ጊዜ ጠይቆኝ መልስ አልሰጠሁትም። አላገባሁም። ዛሬ መልሴን ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱ ሐሳቡን ቀይሮ ከሆነ ግን በመጣሁበት እመለሳለሁ።”

አቶ ለሚ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አቶ ዳባ ተነሥተው ለሸዋረገጥ የራሳቸውን ወንበር አቀረቡላቸው። ሌላ መልስ አላስፈለገም። ጋብቻቸው በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. በሊሙ ገነት ማርያም በቁርባን ተፈጸመ።

በትዳራቸውም ፍቅር፣ ዮኤልና ሮሆቦት የተባሉ ልጆችን አፍርተዋል። ሁለቱ የአባቶቻቸውን ማሳ አጥር አፍርሰው አንድ አደረጉት። ወይዘሮ ሸዋረገጥ የችግኝ ጣቢያ አቋቁመው የአካባቢው ገበሬ ከእሳቸው ደጅ ችግኝ ይወስድ ነበር። ለልጆቻቸው ትምህርት ሲሉም በጅማ ሰቶ ሰመሮ ቤት ሠሩ። በየዓመቱ በመስከረም ለእናታቸው መታሰቢያ ወደ ቡልጋ መሄዳቸውን አላቋረጡም፤ ሲሄዱ ደስ ብሏቸው፣ ሲመለሱም ደስ ብሏቸው ነበር።

በ2007 ዓ.ም. አቶ እሱባለው ልጃቸውን ሩትን ለትምህርት ጅማ ሲያመጡ፣ ከሰቶ ሰመሮው ቤት እንድታርፍ ጠየቁ። ያን ቀን ምሳ ላይ ሁሉም ተጨንቆ ነበር። አቶ ዳባ ማስታጠቢያውን ከሮሆቦት እጅ ተቀብለው፣ ዝቅ ብለው እንግዳቸውን ራሳቸው አስታጠቡ። “ችግኝ ሳታግዘን እንደሄድክ ቀረህ” ሲሏቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሩት ትምህርቷን እስክትጨርስ ከልጆቹ እንደ አንዷ ሆና ኖራለች።

አቶ ዳባ በ2011 ዓ.ም. አረፉ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ከዚያ ወዲህ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በዚህ ዓመት ሕመሙ ጠናባቸው። በመጨረሻው ሰሞን ወንድማቸው አቶ አብነት ከቡልጋ መጥተው፣ ከእናታቸው ጎን እንዲያርፉ ለመኗቸው። በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ የነበሩት ልጆቻቸው ይህን ሰምተው ተቀየሙ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ የወንድማቸውን እጅ ይዘው እንዲህ አሉ፦ “አብነት፣ እናቴን በእጄ ቀብሬያታለሁ፤ የጎደለባት የለም። እኔን እዚሁ ጅማ፣ ልጆቼ ከሥራ መልስ በእግራቸው ጎራ ሊሉ በሚችሉበት ቦታ ቅበሩኝ።” አቶ አብነት ግንባራቸውን ሳሟቸው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ደምሰው ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው፣ በልጆቻቸውና በወንድማቸው መካከል ሆነው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። የሦስት ልጆች እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ አብነት፣ ልጆቻቸው፣ እንደ ልጃቸው ያሳደሯት ሩት፣ እንዲሁም ዛሬ በምርኩዝ ተደግፈው ከአስከሬናቸው ራስጌ የቆሙት ወይዘሮ ዙሀራ በሐዘን ይሰናበቷቸዋል። አቶ እሱባለው ካሳዬም ከቡልጋ ተጉዘው፣ ከወይዘሮ አስካለ መቃብር አጠገብ የተቆፈረ አፈር ይዘው ደርሰዋል።

በሕይወታቸው ሳሉ በሁለት አገር መካከል የተመላለሱትን የእናታችንን ነፍስ፣ አምላክ መለያየት በሌለበት አገሩ፣ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። ለቀሩትም ሁሉ መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።