የምድር ቤቱ ቁልፍ

ጥር 14 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለልጆቼ እናት፣ ለቤቴ ዋና፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? የልጃችን ቤት ደረጃ እንደሌለው እያሰብኩ እጽናናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ካልኩ ደህና ነኝ፤ ስድስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ጋ እየደወልሽ «እውነት ይበላል? እውነት ይተኛል?» እያልሽ አትሰልዪኝ። ሁሉንም ነግራኛለች።

ለምን አልደወልክም ትዪኝ ይሆናል። ልጃችን ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። ባሏ ይሰማል፣ ልጆቿ ይሰማሉ፣ ቴሌቪዥኑም ጆሮ ያለው ይመስለኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከሚስቴ ጋር የልቤን አላወራም። ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋኛል። ስለዚህ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። የኔንም ድርሻ ጨምረሽ የተማርሽ አንቺ ነሽ።

የምትጽፍልኝ ጠበቃዋ ናት፤ ያቺ ከነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ የምትመጣው፣ ስለቆመው ሊፍታችን የምትከራከርልን። መጀመሪያ እምቢ ብላኝ ነበር። «አባባ፣ እኔ ልጽፈው አይገባም፤ ነገሩ እኔንም ይነካኛል» አለች።

«የማይነካው ማነው? ልብስ ሰፊው ይጻፈው? ስድስተኛ ፎቅ ያለችው ትጻፈው? የማይነካው ሰው ከፈለግሽ ደረጃውን ወርደሽ መንገድ ላይ ፈልጊ» አልኳት።

ደረጃውን እንደገና ከመውጣት መጻፍ ይሻላል ብላ ተቀመጠች። ከአፌ የሚወጣውን እንዳለ ነው የምትጽፈው። ያማረ ቃል ካገኘሽበት የሷ ነው፤ እኔ አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቶቹ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ሰጥቶናል። መግቢያው አጠገብ በስተግራ ያለው ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ማድ ቤቱ መስኮት ያለው። ቁልፉ ይኸው ፊቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ገብቼ አየሁት። ግድግዳው ትንሽ እርጥበት ይዞታል፣ እሱን እኔ አውቅበታለሁ። ደጃፉ ላይ አንዲት እርከን አለች፤ እሷንም በአንድ ባልዲ ሲሚንቶ አስተካክላታለሁ። ነገ ብትመጪ ከታክሲ ወርደሽ በእግርሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ግን ክሱን ተው ብለዋል።

አንቺ ስትሄጂ ክሱ ገና ጅምር ነበርና ላስረዳሽ። እኔ መጀመሪያ ጠበቃዋ የኛን ሊፍት የምታስጠግን መስሎኝ ነበር። ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ትንፋሽ አጥሯት በር ላይ ቁጭ ብላ «አባባ፣ የአንድ ሕንፃ ሊፍት ማስጠገን ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አጥብቆ ሲጮህ የሱን ይጠግኑና ሌላውን ይተዉታል። እኔ የምፈልገው ዳኛው ሁሉንም እንዲጠግኑ፣ ሲበላሽም በጊዜው እንዲሠሩ እንዲያዝ ነው» አለችኝ። ከዚያ በየሕንፃው ዞረች። ሊፍት የቆመበትን፣ ሰው የታሰረበትን ሁሉ እያንኳኳች ጠየቀች። የጫማዋን ተረከዝ ብታዪው! በመጨረሻ ክሱ ላይ የኔን ስም አስቀድማ «እና ሌሎች» ብላ ጻፈች። «እነዚህ ሌሎች እነማን ናቸው?» ብላት «መውረድ ያቃታቸው ሁሉ» አለችኝ።

የኔ ስም ለምን እንደቀደመ ታውቂያለሽ? አንቺ በወንበር ስለወረድሽ ነው። ያን ቀን የሆነውን ለዳኛው ተናግሬዋለሁ። የኔ ሚስት፣ ገበያ ስትወጣ ሻሿን ሁለት ጊዜ የምታስር ሴት፣ እንደ ዕቃ በማድ ቤት ወንበር ተሸክመናት ወረድን አልኩት። ሰው እንዳያይሽ ዐይንሽን ጨፍነሽ እንደነበርም ነገርኩት። የነሱ ጠበቃ ተነስቶ «እርስዎ ግን ጤነኛ ነዎት፣ ይወጣሉ ይወርዳሉ» አለኝ። «አዎ፣ እወጣለሁ፤ ይህን ደረጃ ሳይሠራ ጀምሮ ነው የወጣሁት፣ አንተ ዳዴ ስትል ጡቡን በጀርባዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ዳኛው ሳቁን በወረቀት ከለለ።

የፍርድ ቤቱ ሊፍት ግን ይሠራል። አይገርምም? ዳኞች ሳያልባቸው ነው የሚወጡት። መስተዋትም አለው፣ የኛው ዓይነት። በሩ ሲዘጋ ሳላስበው ወደ ግራዬ ተመለከትኩ። አንቺ የምትቆሚው በግራዬ አልነበር? ቤቱን ያገኘን ጊዜ ትዝ ይልሻል፣ እኔ በቁልፎቹ በኩል እቆምና ደረቴን ነፍቼ «ወዴት ላድርስሽ፣ እመቤቴ?» እልሽ ነበር። አንቺ መስተዋቱን እያየሽ ሻሽሽን ታስተካክዪና «ወደ ቤቴ ነዋ፣ ሌላ የት አለኝ!» ትያለሽ። ልጆቹ ይንከተከታሉ። ከቁጥር ሁሉ ሰባትን ብቻ የማውቀው አንቺ እዚያ ውስጥ ጣቴን ይዘሽ ስላሳየሽኝ ነው። ሥራ ውዬ፣ ልብሴ ኖራ ሆኖ ስመጣ እንኳ «ራቅ በል፣ ታበላሸኛለህ» እያልሽ ትጠጊኝ ነበር። በፍርድ ቤቱ መስተዋት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ አየሁ። ጠበቃዋ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ እሷን ያየኋት ከወረድን በኋላ ነው።

እንግዲህ የምድር ቤቱ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ የችሎት ቀን በኋላ ነው። ጠበቃዋ ስታነብልኝ እሺ ያልኩት ሳትጨርስ ነው። ዋሽቼ አላውቅም፣ አሁንም አልዋሽሽም፤ ከወንበሬ ተነስቼ አልጋችን በዚያ በር ይገባ እንደሆነ በክንዴ መለካት ጀምሬ ነበር። እሷ ደብዳቤውን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«መብትዎ ነው አባባ። ቢቀበሉ ዕቃውን እኔም አግዤ አወርዳለሁ።»

«ክሱስ?»

«ሌላ ሰው ፈልጌ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።»

«ለሱም ምድር ቤት ቢሰጡትስ?»

«ይሰጡታል» አለች፤ የብዕሯን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች። «ለሌሎቹ ግን አይሰጡም። ስሙ ከላይ ለተጻፈው ብቻ ነው።»

«ታዲያ አትቀበል በይኛ!»

«አልልም። ጉልበቱ የሚስትዎ ነው፤ የኔ አይደለም።»

ተናደድኩባት። ቆጣ ብትለኝ እኮ ይቀለኝ ነበር። ወርጄ ለጎረቤቶቹ ልንገራቸው፣ እነሱ ይሳደቡና ተናድጄ ልሂድ ብዬ አሰብኩ። ስድስተኛ ፎቅ ያለችው ልጇን አዝላ ደረጃ ልትወርድ ስትል አገኘኋት። ያ እግሩ የማይሠራው ልጇ አድጓል፤ እሷ ግን አላደገችም፣ ጫማው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ስነግራት «እሰይ! እትዬ ሊመጡ ነው?» ብላ አቀፈችኝ፤ ልጁም ከጀርባዋ ላይ ሆኖ አቀፈኝ። አምስተኛ ፎቅ ወረድኩ። ልብስ ሰፊው ልቡን ከታመመ ወዲህ መንገድ አልረገጠም። አንቺ ስትሄጂ ዳቦውን አደራ ስላልሽኝ በየጠዋቱ እወስድለታለሁ። «ምን ልስፋላት? ለመግቢያዋ መጋረጃ ልስፋ?» አለኝ። ጨርቅ እየመረጠ ነበር እኮ! «ዳቦውን ግን ማን ያመጣልሃል?» ስለው «እሱን ተወው፣ ጥርስም ብዙ የለኝ» ብሎ ሳቀ።

አንድ ሰው እንኳ አልሰደበኝም። ያን ማታ አልተኛሁም።

እንደምታውቂው እኔ ሰው ፊት የማፍርበት ነገር የለኝም። ሠርቼ በላሁ፣ ለማንም ጎንበስ አላልኩም። ግን ምድር ቤት ገብተን፣ እነሱ በደጃችን ሲያልፉ፣ ያቺ ሴት ልጇን አዝላ ስትወጣ ስሰማ፣ በየትኛው ዐይኔ ነው የማያት? ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ አለ። ክሱ እንዲህ በቶሎ አያልቅም፤ ጠበቃዋ ዕድሜዬን ታውቃለችና መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቃት አፏን ትይዛለች። እኔ ለሌሎች ብዬ እምቢ ብል የምትቀሪው አንቺ ነሽ። የራሴን ትከሻ መስጠት እችላለሁ፤ ያንቺን ጉልበት አንስቼ መስጠት አልችልም።

ጠበቃዋ እዚህ ጋ ድንገት ጉንፋን ያዛት። ቆዪ፣ ትናፈጥ።

እሺ። የወረድሽበት ወንበር ሦስተኛው ፎቅ እርከን ላይ አለ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ለሰው ነው። አልፎ አልፎ የምቀመጥበት ወሬ ለመስማት ነው እንጂ ደክሞኝ አይደለም። ያችም ጎረቤትሽ ሌላ ከነገረችሽ ውሸቷን ነው።

እንግዲህ ሁለት ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ አንዱ እሺ ይላል፣ አንዱ እምቢ። በሁለቱም ላይ አውራ ጣቴ አላረፈም። መልስ የሚፈልጉት በወሩ መጨረሻ ነው። ስትደውዪ ልጃችን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጠውም ግድ የለም፤ አንድ ቃል ብቻ በይኝ። ውረድ ካልሽኝ በማግስቱ አልጋውን አወርዳለሁ፤ እስክሞት ድረስም ስለዚህ ነገር አላነሳብሽም። ቆይ ካልሽኝ እቆያለሁ፤ ጠበቃዋ ሊፍቱን አሠርታ በዚያው በመስተዋቱ በኩል እስክትመጪ። «አንተ እንዳልክ» ግን እንዳትዪኝ። ዕድሜ ልክሽን እንደሱ ስትዪኝ ኖረሻል፤ ዛሬ ያንቺን ነው የምፈልገው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የልጃችንን ቤት፣ ልጆቿን፣ ያን ዝምተኛ ባሏንም ይባርክልኝ። በጤና ያገናኘን፤ ላይም ይሁን ታች።

ወዴት ላድርስሽ፣ እመቤቴ?

ባልሽ፣
ከሰባተኛው ፎቅ